ድጎማው የተነሳበት ክረምት

ግንቦት 11

የማዳበሪያው ድጎማ መነሳቱን ምክር ቤት ቀርቤ የማስረዳው እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ተነገረኝ። ትልቁ ሰውዬ (ስማቸውን እዚህም ባልጽፈው ይሻላል) እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «የገበሬ ልጅ ነህ። ካንተ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው» አሉኝ። «ክቡርነትዎ፣ ዘንድሮ እንኳን ይቆይ፣ ገበሬው ሊዘራ ነው» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ልጃቸው ምርቃት ማውራት ጀመሩ። እንዲህ ባለ ሰዓት መሀል መግባት ደስ አይልም።

ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 12

ቦጂያ ጠዋት ቢሮዬ ገብቶ «ክቡር ሚኒስትር፣ የድሮ ጽሑፍዎን አገኘሁት። ግሩም ነው» አለኝ። ቦጂያ ሚኒስትር ዴኤታዬ ነው። ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው።

የትኛውን ጽሑፍ እንደሚል አውቃለሁ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር የጻፍኩት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ከጉደር ማዶ ያሉ ገበሬዎችን፣ የገዛ ወንድሜን ገመቺስን ጨምሮ፣ ከማሳ ማሳ እየተከተልኩ ጠየቅኩ። ማዳበሪያ ሲወደድ ድሃው ገበሬ መጀመሪያ ማዳበሪያውን፣ ቀጥሎ የልጁን ትምህርት፣ በመጨረሻም መሬቱን እንደሚተው አሳየሁ። ከአምቦ ያወጣኝ ያ ጽሑፍ ነው። ወደ ክልል ቢሮ ወሰደኝ፣ ከዚያ አማካሪ አደረገኝ፣ ከዚያ የገንዘብ ሚኒስትር ብሎ እዚህ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

«ዘመኑ ሌላ ነበር» አልኩት።

«እርግጥ ነው» አለ ቦጂያ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ግንቦት 15

ሰኞ። ትልቁ ሰውዬ ውጭ አገር ሄደዋል።

ግንቦት 21

ከቸርች ስንመለስ ናኦሚ መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ።

«ካላመንክበት ለምንድን ነው አንተ የምታቀርበው?»

«እኔ ባላቀርበው ቦጂያ ያቀርበዋል።»

«ታዲያ ቦጂያ ያቅርበዋ!»

ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት፣ ነገር ቶሎ ይገባታል። ፖለቲካ ግን አይገባትም። ውስጥ ሆኖ ማለዘብ የሚባል ነገር አለ። እኔ ከወጣሁ ማን ያለዝበዋል? ይህን ሁሉ አስረዳኋት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ውጭ ታይ ጀመር። ዝናብ እየገባ ነበር። ዝጊው አላልኳትም።

ሰኔ 7

አቀረብኩ።

ደህና ነበር። ጽሑፉ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። አንድ የምክር ቤት አባል «ገበሬው ይህን ዋጋ እንዴት ይችለዋል?» ብለው ሲጠይቁ «ገበሬያችን ብልህ ነው፣ ይለምደዋል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ተጨበጨበ። ትልቁ ሰውዬ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እቤት ስገባ ናኦሚ ቴሌቪዥኑን ዘግታ መብራት ሳታበራ ተቀምጣለች።

ሰኔ 8

ስልክ። ስብሰባ። ስልክ። «ይለምደዋል» ፌስቡክ ላይ መሳቂያ ሆኗል። አንዱ ባዶ ግርግም ፊት የቆመ በሬ ለጥፎ ከሥሩ ጽፎታል። ሾፌሬ ስገባ ሬዲዮውን ቶሎ ዘጋው። ምን እየሰማ እንደነበር አልጠየቅኩትም።

ጉተማ ከአምቦ ደወለ። አብረን እናስተምር የነበርን ጓደኛዬ ነው፣ እሱ አሁንም እዚያው ነው። እንኳን ደስ ያለህም፣ አዘንኩብህም አላለኝም። «ቶኩማ፣ ያንተን ጽሑፍ እስካሁን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አስነብባለሁ። ልቀጥል ወይስ ላውጣው?» አለ።

«እንደፈለግክ አድርግ።»

«እኔ እኮ የምጠይቀው የጻፈውን ሰው ነው።»

ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት። እውነትም ስብሰባ ነበረብኝ።

ሰኔ 12

ገመቺስ ስልኬን አያነሳም። ዛሬ እናቴ አነሳችው። «ማሳ ነው ልጄ» አለችኝ። እሁድ ከሰዓት! ከጀርባዋ ሲያስል ሰምቼዋለሁ።

ሰኔ 17 — አምቦ

ሕዝብ ለማወያየት መጣን። አምቦ ለመንግሥት መኪና ግድ የላትም፣ ባጃጆቹ መንገድ አይለቁም። አንዱ አጠገባችን ሲደርስ አንገቱን አውጥቶ «ይለመዳል!» ብሎ ጮኸ። አጃቢዬ ሊወርድ ሲል ተወው አልኩት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከገበሬዎቹ መጀመሪያ የተነሳችው አስካለች ናት፣ የእናቴ ጎረቤት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንድ በሬ ቀርታ ከገመቺስ ጋር እየተቀናጀች ነው የምታርሰው።

«ኦቦ ቶኩማ፣ ልጄ ልበልህ ወይስ ክቡር ሚኒስትር?»

ሰው ሳቀ። «ልጄ ይበሉኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ልጄ፣ እኔስ እለምደዋለሁ። ያልለመድኩት የለም። መሬቱን ማን ያስለምድልኛል?»

በኦሮምኛ ነው ያለችው። እዚህ በቢሮ አማርኛዬ ስጽፈው ይቀዘቅዛል፣ እዚያ ግን እንዲህ ቀዝቃዛ አልነበረም። ሁሉም አፌን ያያል።

«ጥያቄዎን ይዘናል» አልኩ።

ጥያቄዎን ይዘናል! አፈር መሬቱን አውቀዋለሁ፣ ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ መልሱን ራሴ ጽፌዋለሁ። አፌ ግን ይህን አወጣ። ገመቺስ ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ።

ሰኔ 18

ከመመለሴ በፊት ቤት ሄድኩ፣ መኪናውን ራቅ አድርጌ አቁሜ። ገመቺስ ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ያስተካክላል።

«አካም ጅርታ» አልኩት።

«ናጋ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ባልሆን ሌላ ሰው...»

«እሱንም አውቃለሁ።» ሞፈሩን አስቀመጠ። «ያኔ ወረቀት ይዘህ ከኋላዬ ስትከተለኝ፣ ለእናታችን እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ ነግሬሃለሁ። የቱን ዓመት እንደተራብን፣ ማንን ለምኜ እንደዘራሁ። ይጠቅመናል ብዬ ነው።»

«ጠቅሟል እኮ።»

«አንተን ጠቅሟል።»

እናቴ ግቡና ብሉ አለችን። ገብተን በላን። ስለ ዝናቡ አወራን። ዘንድሮ እንዴት ሊያደርግ እንዳሰበ ስጠይቀው ግማሹን ያለ ማዳበሪያ እንደሚዘራ፣ ግማሹን ጦም እንደሚያሳድር ነገረኝ። ስለ ሌላ ሰው መሬት የሚያወራ ይመስል ነበር። ስወጣ ተነስቶ ሸኘኝ፣ እስከ በሩ ብቻ።

ሰኔ 22

አመዩ ጋ ደወልኩ። አመዩ ተማሪዬ ነበር፣ አሁን ለአካባቢው ገበሬዎች ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን ዩኒየን ይመራል። የደወልኩት ስለ አጠቃላይ አቅርቦቱ ለመጠየቅ ነው። በወሬ ወሬ የገመቺስን ነገር አነሳሁ።

«ዶክተር፣ ለሰርቶ ማሳያ ማሳ ተብሎ በድሮው ዋጋ የተያዘ ትንሽ ማዳበሪያ አለን» አለኝ። «ወንድምዎ ሞዴል ገበሬ አይደሉም እንዴ?»

ነው አልኩት። ባይመዘገብም ነው። ከእሱ የተሻለ ገበሬ በዚያ ቀበሌ የለም።

ስጠኝ አላልኩትም። ራሱ ነው ያቀረበው። ክፍያውም ከደመወዜ ነው የወጣው። ይህ እዚህ ይቀመጥ።

ሰኔ 29

ማዳበሪያው ቤት ደርሷል። እናቴ ደውላ መረቀችኝ። ገመቺስ ምንም አላለም አለችኝ፣ ግን ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ተቀበለ ማለት ነው። ታረቅን ማለት ነው።

ይህን ሰሞን እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም። ናኦሚን ራት ውጭ እንብላ አልኳት። ምን ተገኘ አለች። ምንም አልኳት።

ሐምሌ 6

ከውጭ አበዳሪዎቹ ጋር ሙሉ ቀን። «ደፋር እርምጃ» አሉ። አንድ ጋዜጣም «ደፋሩ ሚኒስትር» ብሎ ፎቶዬን አውጥቷል። ደፋር! ቦጂያ ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል፣ በሥነ ሥርዓት ታጥፎ።

ሐምሌ 14

ገመቺስ ማዳበሪያውን ለጎረቤት አካፈለው። እናቴ እንደ ደግ ወሬ ነገረችኝ። ስልኩን ስጪው አልኳት፣ ዛሬስ ያዘው።

«ምን አደረግክ?»

«ዘራን።»

«ለአንተ ነበር የላክሁት!»

«አውቃለሁ። እና የእኔ ማሳ አረንጓዴ፣ የአስካለች ቢጫ ሆኖ በየት በኩል ነው ቸርች የምሄደው? በእሷ ደጅ ነው መንገዴ።»

«ከየት መጣ ሲሉህ ምን አልካቸው?»

«ወንድሜ ላከልኝ አልኳቸው።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ምን ነው? ሌላ የምለው ነበር እንዴ?»

የለም አልኩት። ምን ልበለው?

ሐምሌ 19

ቦጂያ፣ ስብሰባ ልንገባ ስንል፣ «ክቡር ሚኒስትር፣ ወንድምዎ ደህና ናቸው? ሰብሉ እንዴት ይዟል?»

ወንድም እንዳለኝ ነግሬው አላውቅም።

ሐምሌ 24

ወጣ። ቴሌግራም ላይ ነው። አስካለች ደጅ የወደቀ ባዶ ጆንያ ፎቶ፣ ላዩ ላይ «ለሰርቶ ማሳያ ብቻ» የሚል ማኅተም። ከሥሩ፦ «ለሕዝቡ ይለምደዋል፣ ለወንድሙ በድሮ ዋጋ።»

የሚናደዱት በድጎማው እንጂ በእኔ ወንድም ሊሆን አይገባም ነበር። በዚያ ውሳኔ ስንት ሺህ ገበሬ ነው የተጎዳው። ለእሱ ይህን ያህል ሰው አልጮኸም። አሁን ለጥቂት ኩንታል አገር ይናወጣል።

አመዩ ከሥራ ታግዷል ይላሉ።

ሐምሌ 26

አጣሪዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፣ ጨዋዎች። «ከዩኒየኑ ኃላፊ ጋር ስለዚህ ማዳበሪያ ተነጋግረዋል?»

ጠይቄ አላውቅም አልኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። ጠይቄ አላውቅም።

«ስለዚህ ኃላፊው በራሱ ነው የላከው?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

ጻፉ። ፈረምኩ። ወዲያው ሌላ ስብሰባ።

ሐምሌ 28

አመዩ ታሰረ። ሚስቱ ደወለች። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ደግማ ደወለች፣ ያኔም ስብሰባ ላይ ነበርኩ ለማለት ይቻላል። ናኦሚ ጋ ደወለችና ናኦሚ አነጋገረቻት።

«አራስ ናት» አለችኝ ናኦሚ። «ባልሽ ምን አጠፋ ብዬ ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አስተማሪው ሲደውሉለት ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ነበር› አለችኝ።»

ናኦሚ አልጋዋን ሌላ ክፍል አነጠፈች። ጉንፋን ይዞኛል አለች።

ነሐሴ 3

ትልቁ ሰውዬ ጠሩኝ። ሻይ አስቀርበው ነበር። «ሕዝቡ ተቆጥቷል ቶኩማ። ቁጣ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት» አሉኝ። ስለ ድጎማው አንድ ቃል አልተነሳም። ቢያነሱት የምለው አዘጋጅቼ ነበር፣ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደግመው ነው የሄድኩት። ሻዬን ጠጣሁ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ያውም ጎንበስ ብዬ።

ማታ በዜና ተነገረ። ቦጂያ በእኔ ቦታ ተተካ።

ነሐሴ 10

ስልኬ ሞተ። ባትሪውን ሁለቴ አየሁት፣ ይሠራል። የሚደውል ነው የጠፋው።

የመንግሥቱን ቤት እንለቃለን። ናኦሚ እህቷ ጋ ትቆያለች፣ ለፋርማሲዋ ይቀርባታል። «አንተ አምቦ ሂድ» አለችኝ። «እዚያ የምትሠራው አለህ።» ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ልብሴን ራሷ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችልኝ።

ነሐሴ 12

በሚኒባስ መጣሁ። ኮፍያ አድርጌ ነበር። ሆለታን አልፈን ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ እኔ ማውራት ጀመሩ።

«ሰረቀ የሚሉት ይሄን ብቻ ከሆነ ምስኪን ነው» አለ አንዱ። «እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለወንድሙ ጆንያ ብቻ?»

«መስረቁ አይደለም እኔን ያናደደኝ» አለ ሌላው። «ልጁን ማሳሰሩ ነው። አመዩን። ደውሎለት አላውቀውም አለ እኮ።»

አዲስ ዓለም ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩ። እግሬን ደክሞኝ ነበር።

ነሐሴ 14

ገመቺስ ጠዋት ጠዋት ወደ አምቦ ይሄዳል። ማሳው በአረም ተውጦ ሳለ የት ነው የሚሄደው ብዬ እናቴን ጠየቅኩ።

«ለአመዩ ምግብ ያደርሳል» አለች። «ሚስቱ ከቤት አትወጣም፣ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው። ማን ያድርስለት?»

ማታ ራት ላይ ገመቺስ ቀና ብሎ አየኝ። «ነገ አንተ ውሰድለት» አለ። ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያ ያናገረኝ ይህን ነው።

ነሐሴ 16

ትናንት እሁድ ነው ብዬ ቀረሁ። ዛሬ ሄድኩ።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ምግብ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ተሰለፍኩ። አንዷ አወቀችኝ መሰለኝ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ አጠገቧ ላለችው ነገረቻት። ፖሊሱ ክዳኑን ከፍቶ እንጀራውን በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አስገባኝ።

አመዩ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ክፍል ስገባ ያደርግ እንደነበረው።

«ዶክተር! እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ። ሴት ልጅ ወለድን እኮ።» ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ ደውለውልኝ እንደነበር ብቻ ቢናገሩልኝ... ሌላ አልፈልግም። እኔ በራሴ ሰርቄ ለሰው የሸጥኩ ነው ያስመሰሉት።»

«ጠበቃ አነጋግራለሁ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። አመነኝ። ያመነኝ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ምናለ ቢሰድበኝ!

ነሐሴ 19

ጠበቃ ማነጋገር ያስፈልጋል። እዚህ ያሉት ደህና አይደሉም፣ አዲስ አበባ ያለውን ደግሞ ስልኩ ላይ አጣሁት። ነገሩ በችኮላ የሚደረግ አይደለም። የፈረምኩት ቃል አለ። እሱን ማፍረስ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ይህን ለገመቺስ ሳስረዳው የቆየሁት ሰዓት... ስጨርስ ይላል ብዬ የጠበቅኩትን አንዱንም አላለም። «መቼ ትሄዳለህ?» ብቻ።

«ሰኞ።»

ነሐሴ 23

ሰኞ።

ተነስቼ ሸሚዜን እየለበስኩ ነበር። እናቴ ደጅ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ገመቺስ የት ሄደ አልኳት።

«ጣቢያ።»

«ምግቡን እኔ እወስደው አልነበር?»

«ምግብ አልያዘም። የቸርች ኮቱን ነው የለበሰው።»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ አልቋል። አመዩ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ጫማው ክር የለውም። ገመቺስ ውስጥ ነው። ቃሉን ሰጥቷል፦ ራሱ አመዩ ጋ ሄዶ «ወንድሜ ነው የላከኝ» ብሎ እንዳታለለው፣ አመዩም አምኖ እንደሰጠው፣ እኔም ምንም እንደማላውቅ። ፈርሟል።

ለጥቂት ደቂቃ አገናኙን።

«ለምን?» አልኩት። «እየመጣሁ ነበር እኮ! ዛሬ ነበር!»

«አንተን ስጠብቅ የሰው ልጅ አባቷን ሳታይ ልታድግ ነው» አለ። አልጮኸም። «የአስካለችን በሬ መልስላት። ጓሮው ከታች በኩል አረም በልቶታል። ጤፉን በጊዜ አርሙ።»

«እነግራቸዋለሁ። አሁን ገብቼ እነግራቸዋለሁ።»

አየኝ። ጠበቀ። ፖሊሱ በቃ አለ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የመርማሪው በር ክፍት ነበር፣ ሰውየው ስልክ ያወራል። እስኪጨርስ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። ረጅም ወሬ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ አንድ ቃል የሰጠን ሰው ወዲያው ማስተባበል ገመቺስን ራሱን ሊጎዳው ይችላል። ሐሰት ተናገረ ይሉታል። ይህን ማጤን ያስፈልጋል።

ነሐሴ 29

አረም። ከአስካለችና ከሰፈሩ ሰዎች ጋር። እጄ ተላጠ። ጤፉን ከአረሙ መለየት አቅቶኝ ጤፍ ነቀልኩ፣ አስካለች እጄን ይዛ አሳየችኝ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ውኃ ሲያመጡ ለእኔም አመጡልኝ። ሰው እንዲህ ዝም ሲል የት መደበቅ ይቻላል?

ማዳበሪያ የተካፈሉት ማሳዎች ከሩቅ ይታወቃሉ። የሌሎቹ ቀጥኗል፣ ቢጫ ሆኗል። የገመቺስም ቢጫ ነው። ለካ ለራሱ ምንም አላስቀረም።

መስከረም 1

አዲስ ዓመት። አመዩና ሚስቱ ሕፃኗን ይዘው መጡ። እናቴ ሕፃኗን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። አመዩ እኔን ሲጨብጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

መስከረም 4

ቦጂያ ደወለ። ማሳ ላይ ነበርኩ።

«እንኳን አደረስዎ ክቡር ዶክተር! እንኳንም ስምዎ ነጻ ወጣ። ሁላችንም ከልባችን አዝነን ነበር።» ትልቁ ሰውዬ አማካሪ ሆኜ እንድመለስ ይፈልጋሉ አለ። ድጎማውን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በከፊል ለመመለስ ታስቧል፣ «ጉዳዩን እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለም።» መኪና ይላካል።

ሐሳቤ ትክክል እንደነበር አሁን ገባቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ወንድሜስ?» አልኩት።

«እሱ በሕግ የተያዘ ጉዳይ ነው፣ ጣልቃ አንገባም።» ቀጥሎም «እርስዎም ባይነካኩት ይሻላል። አሁን ነው የጸዱት» አለ።

ውስጥ ሆኜ ብረዳው ይሻላል። እዚህ አረም ላይ ጎንበስ ብዬ ምን አደርግለታለሁ? ለናኦሚ ደወልኩላት። ሁሉንም ሰማችኝ። «እህቴ ጋ ይመቸኛል» አለች፣ «ቤቱን ስትረከብ ለእኔ ብለህ አታስተካክለው።» ጉንፋኑ እስካሁን አልለቀቃትም መሰለኝ፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

መስከረም 6

መኪናው በጠዋት መጣ፣ እስከ ማሳው ጠርዝ ድረስ። አስካለችና ሰዎቹ ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ። እናቴ የገመቺስን ምግብ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አምቦ ስትደርስ ስጠው» አለች። አልመረቀችኝም። ረስታ ይሆናል።

ጣቢያው በር ላይ እነዚያ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሰዎች ስልክ ይዘው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት እዚያ ብታይ ምን እንደሚወራ ይታወቃል፣ ገመቺስንም አይጠቅመውም። ምግቡን ለሾፌሩ ሰጠሁት።

ቆየ። መስኮቱን ዘግቼ ጠበቅኩ።

ሲመለስ «ተቀበሉኝ» አለ። «ከማን ነው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ከእናቱ አልኳቸው።»

«ደህና አድርገሃል» አልኩት። ሞተሩን አስነሳ።